ጥቁራን ዕንቁዎችን ስለ መለየት

ፍጥረት በመልክ ያመሳሰለውን በባሕርይ ለይቶ ማወቅ የጥበብ መጀመሪያ መሆኑ የጥንት ሊቃውንትም የዛሬ ተመራማሪዎችም የሚስማሙበት ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ በጥቁር ዕንቁ ፊት እንደሚፈተነው ያህል የሚፈተንበት ስፍራ ጥቂት ነው። ቀዩን ዕንቁ ከሌላው ቀይ፥ አረንጓዴውንም ከሌላው አረንጓዴ ለመለየት የሚነሣ ሰው ድንጋዩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ የሕብሩን ጥልቀት፥ በውስጡ የታሰረውን ባዕድ ነገርና ስንጥቅ፥ ብርሃኑም ሲያልፍ የሚታጠፍበትንና የሚከፈልበትን መንገድ ይመለከታል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ግን የተቀበለውን ብርሃን ሁሉ ውጦ ስለሚያስቀር፥ መርማሪው ከላይኛው ፊቱ ጸዳል በቀር የሚያየው ነገር አያገኝም። በዚህ ምክንያት በአንድ ቀለበት ላይ የተቀመጠው ጥቁር ፈርጥ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባልጩት፥ በስኳርና በአሲድ የጠቆረ ኦኒክስ፥ ጄት የሚባለው ከብዙ ሚሊዮን ዘመናት በፊት የወደቀ የዛፍ ግንድ፥ ቱርማሊን፥ ስፒኔል፥ ሰንፔር፥ አልማዝ፥ ወይም ደግሞ ተራ ብርጭቆ ቢሆን፥ ላልለመደ ዓይን ሁሉም አንድ ሆኖ ይታያል።

ይህ መመሳሰል የዓይን ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰፊ ሐተታ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ያለ ስሙ የተጠራ ዕንቁ ሁለት ጉዳት ያስከትላል፤ አንደኛው ገዢው ለርካሹ ድንጋይ የውዱን ዋጋ መክፈሉ ነው፤ ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የአያያዝ ጉዳት ነው። ባልጩቱን ስፒኔል ነው ብሎ ዘወትር በጣቱ የሚያደርግ ሰው ውሎ አድሮ ፊቱ ተጭሮ፥ ጠርዙም ተሸራርፎ ያገኘዋል፤ ጄቱን ኦኒክስ ነው ብሎ ወርቁን በእሳት የሚያበይድ አንጥረኛም ፈርጡን በገዛ እጁ ያቃጥለዋል። እንግዲህ በዚህ ዳሰሳ ዋና ዋናዎቹን ጥቁራን ዕንቁዎች በየወገናቸው እየመደብን፥ አንዱ ከሌላው የሚለይበትን ምልክት፥ ምልክቱም የሚያስተማምንበትንና የሚያሳስትበትን ወሰን እንመረምራለን። ኦሪት ፍርድ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይጸና እንዳዘዘች፥ በጥቁር ዕንቁም ላይ ፍርድ የሚጸናው በተለያየ መንገድ የተገኙ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች ሲስማሙ መሆኑን፥ ከምስክሮቹም ሁሉ ቃሉ የማይታመነው ቀለም ራሱ መሆኑን ማስረዳት የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ነው።

አስቀድሞ ድንጋይ ስለ ምን ይጠቁራል ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የጥቁረቱ ምክንያት አንድ አይደለምና። የመጀመሪያው ጥቁረት ከባሕርይ የሚመነጭ ነው፤ በጥቁር ቱርማሊንና በጥቁር ስፒኔል ውስጥ ብረት የድንጋዩ የራሱ አካል ሆኖ ስለ ገባ ብርሃኑን ሁሉ ይውጠዋል፤ ጄትም አካሉ ከሞላ ጎደል ካርቦን ነውና ጥቁረቱ የራሱ ነው። ሁለተኛው በድንጋዩ ውስጥ ከተዘራ ባዕድ ነገር የሚመጣ ነው፤ ባልጩት በቀጭኑ ሲቆረጥ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፥ ወፈር ሲል የሚያጠቁረው በውስጡ የተበተነው እጅግ ደቃቅ የብረት ማዕድን ቅንጣት ነው፤ ጥቁር አልማዝም በንጹሕ አካሉ ውስጥ በተሰገሰጉ የግራፋይትና የሌሎች ማዕድናት ነጠብጣቦች የጠቆረ ነው። ሦስተኛው ጥቁረት ግን ከሰው እጅ የወጣ ነው፤ በገበያ የምናገኘው ኦኒክስና በጭስ የጠቆረው ኦፓል የዚህ ወገን ናቸው። ይህን የሦስትዮሽ ክፍፍል የያዘ መርማሪ ዓይኑን ከድንጋዩ መካከል አንሥቶ ወደ ቀጭኑ ጠርዝ፥ ወደ ጀርባውና ወደ ተበሳበት ቀዳዳ መመለስ እንዳለበት ወዲያው ይገነዘባል፤ ጥቁረት ምንጩን የሚገልጠው በእነዚህ ስፍራዎች ነውና።

የጥንት ሰዎች ለዕንቁ ስም ያወጡ የነበረው በቀለሙና በመጣበት አገር ነበር። በኦሪት ዘጸአት በሊቀ ካህናቱ በአሮን የደረት ልብስ ላይ በአራት ረድፍ የተሰኩት አሥራ ሁለቱ ዕንቁዎች ተዘርዝረው ሳሉ፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ በየትኛው ማዕድን እንደሚመደቡ መተርጉማን እስከ ዛሬ የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋይን በቀለሙ ሳይሆን በክብደቱ ለመመደብ በር የከፈተው የሰራኩሱ አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕት ዓመት ያገኘው የውኃ ሕግ ሲሆን፥ የዕንቁዎችን ክብደት ከመጠናቸው ጋር እያስተያየ በትጋት የለካው በ11ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ሊቅ አል ቢሩኒ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ ማዕድናት አንዱ ሌላውን የሚጭርበትን ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 10 በሚደርስ የጥንካሬ ደረጃ ወሰነ፤ በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻም ብርሃን በድንጋይ ሲታጠፍ መጠኑን የሚናገረው ሪፍራክቶሜትር በዕንቁ መርማሪዎች እጅ ገባ። ይህ መሣሪያ የሚያነበው በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፈውን ሳይሆን ከተወለወለው ፊቱ የሚመለሰውን ብርሃን ስለ ሆነ፥ ጥቁረት አያግደውም።

ከምስክሮቹ ሁሉ ድንጋዩን ሳይጎዳ ብዙ የሚናገረው ሚዛን ነው። ዘዴው የቆየና ቀላል ነው፤ ድንጋዩ በአየር ይመዘናል፥ ቀጥሎም በቀጭን ክር ታስሮ በውኃ ውስጥ እንደ ተንጠለጠለ ይመዘናል፤ የአየሩ ክብደት በውኃ ውስጥ ለጎደለው ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ድንጋዩ በእኩል መጠን ካለ ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይገልጣል። እያንዳንዳቸው በአየር 5.20 ግራም የሚመዝኑ ሦስት ጥቁር ድንጋዮች ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው በውኃ ውስጥ 1.20 ግራም ብቻ ቢመዝን 4.00 ግራም ጎድሎበታልና ቁጥሩ 1.30 ይሆናል፤ ይህ የጄት ቁጥር ነው። ሁለተኛው 3.20 ቢመዝን 2.00 ጎድሎበታልና 2.60 ይሆናል፤ ይህም የኦኒክስ ነው። ሦስተኛው 4.20 ቢመዝን የጎደለበት 1.00 ብቻ ነውና 5.20 ይሆናል፤ ይህም ሄማታይት ነው። በዓይን አንድ የነበሩት ሦስቱ በውኃ ውስጥ ይህን ያህል ይራራቃሉ። ነገር ግን በድንጋዩ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአየር ፊኛ ቁጥሩን ዝቅ ስለምታደርገው፥ ውኃውን አስቀድሞ አፍልቶ ማቀዝቀዝና ፊኛውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል፤ በወርቅ ወይም በብር የታሰረ ፈርጥም ከማሰሪያው ካልወጣ በዚህ ዘዴ ሊመዘን አይችልም።

ከቀላሎቹ ወገን ስንጀምር ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው ጄት ነው። ጄት በትክክለኛው አነጋገር ድንጋይ አይደለም፤ በጥንት ባሕር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ወደ ከሰልነት የተለወጠ እንጨት ነው። ስመ ጥር የሆነው በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር ጠረፍ በዊትቢ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ሲሆን፥ ዕድሜው ወደ 180 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ልዑል አልበርት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1861 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ባለቤታቸው ንግሥት ቪክቶሪያ ረዥም የኀዘን ዘመን ስለ ገቡ፥ የኀዘን ጌጥ የሆነው ጄት በእንግሊዝ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ፤ ተፈላጊነቱም አስመሳዮቹን ወለደ። ጥቁር ብርጭቆ የፈረንሳይ ጄት በሚል ስም ተሸጠ፤ በድኝ የጠነከረ ጎማ፥ በአየርላንድ ረግረግ የጠቆረ የኦክ እንጨት፥ ኋላም ባክላይት የተባለው ፕላስቲክ በየተራ ጄትን ተክተው ገበያ ወጡ።

እነዚህን ለመለየት እጅና አፍንጫ ከዓይን ይልቅ ይረዳሉ። ብርጭቆው ሲዳስሱት ይቀዘቅዛል፥ ይከብዳልም፤ ጄት ግን ቀላልና ለብ ያለ ነው። የጠነከረው ጎማ ከብዙ ዘመን በኋላ ፀሐይ ያገኘው ወገኑ ወደ ቡናማ ይለወጣል፥ ጄት ግን ጥቁረቱን አይለቅም። ባልተቀባ ነጭ ሸክላ ላይ ሲሰመር ጄት ቡናማ መስመር ይተዋል፤ ብርጭቆ ይህን አያደርግም፥ ጎማው ግን ስለሚያደርገው የመስመሩ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። የጋለ መርፌ ጫፍ በስውር ስፍራ ሲነካው ጄት የከሰል ሽታ፥ ጎማው የድኝ ሽታ፥ ባክላይቱም የካርቦሊክ አሲድን የሚመስል ሽታ ይሰጣሉ። መቁጠሪያ በሚሆን ጊዜ የመርፌው ፈተና ከዶቃው ቀዳዳ ውስጥ ቢደረግ ጠባሳው አይታይም። በዚሁ በመቁጠሪያ ረገድ ሌላ አሳሳች ነገር አለ፤ በቱርክ አገር በኤርዙሩም አውራጃ ከሚገኘው ከኦልቱ ጄት ለእስላሞች ጸሎት መቁጠሪያ እንደሚሠራ ሁሉ፥ ከቀይ ባሕርም የሚወጣው ጥቁር ዛጎል ድንጋይ፥ ማለት ዩስር የሚባለው ጥቁር መርጃን፥ ለዚሁ አገልግሎት ከጥንት ጀምሮ ሲውል ኖሯል። ሁለቱ በክብደት እጅግ ይቀራረባሉ፥ ሁለቱም ለብ ያሉ ናቸው፤ ሆኖም መርጃኑ የእንስሳ አካል ነውና በመርፌ ሲነካ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። እዚህ ላይ ሚዛን ዝም ሲል አፍንጫ ይናገራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የባልጩትና የኦኒክስ ጥንድ በገበያ ከሁሉ ይልቅ የሚምታታ ነው። ባልጩት፥ በማዕድን ሊቃውንት አጠራር ኦብሲዲያን፥ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅላጭ ለክሪስታልነት ጊዜ ሳያገኝ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ ብርጭቆ ነው። በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ዳርና ዳር በብዛት ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በላይኛው አዋሽ ዳር በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምረው መሣሪያ ይሠሩበት እንደ ነበር በቁፋሮ ታውቋል፤ ይህም ስፍራ ከአጠገቡ ካለው ከባልጪት ጋር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በደቡብ ኢትዮጵያም አንዳንድ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ስለት ይሠሩ ነበር። ይህን አገልግሎት ያስገኘለት ዛጎልማ የሆነው ስብራቱና የጠርዙ ስለታምነት ነው፤ ለጌጥ ሲሆን ግን ይኸው ጠባዩ ነውር ይሆንበታል፥ በቀላሉ ይሸራረፋልና።

ኦኒክስ ግን የኳርትዝ ወገን ነው፤ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን የኳርትዝ ክሮች ተጠላልፈው ያስገኙት ካልሴዶኒ የሚባል ድንጋይ ነው። ጥንካሬው በሞስ ደረጃ ከ6.5 እስከ 7 ሲሆን የባልጩት ከ5 እስከ 5.5 ነው፤ ክብደቱ 2.60 ገደማ ሲሆን የባልጩት 2.40 ገደማ ነው፤ በሪፍራክቶሜትር ኦኒክስ 1.53 ወይም 1.54፥ ባልጩት ከ1.48 እስከ 1.51 ያሳያሉ። መሣሪያ የሌለው ሰው ደግሞ የተሸረፈች ቦታ ፈልጎ በአጉሊ መነጽር ይመልከት፤ የባልጩት ስብራት እንደ ተወለወለው ፊቱ ያንጸባርቃል፥ የኦኒክስ ስብራት ግን ፈዛዛና ሰም የተቀባ የሚመስል ነው። የባልጩት ቀጭን ጠርዝ በብርቱ ብርሃን ፊት ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ያሳልፋል። ባልጩትን ከፋብሪካ ጥቁር ብርጭቆ መለየት ከዚህ ይከብዳል፥ ሁለቱም ብርጭቆ ናቸውና፤ ነገር ግን በጠርዙ በኩል ሲታይ በባልጩት ውስጥ ደቃቃን ክሪስታሎችና በፈሳሹ አቅጣጫ የተለጠጡ ፊኛዎች ሲገኙ፥ በፋብሪካው ብርጭቆ ውስጥ የሚገኙት ፊኛዎች አብዛኛውን ጊዜ ክብ ናቸው።

ስለ ኦኒክስ ሳንሸሽግ ልንናገረው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በገበያ ላይ ያለው ወጥ ጥቁር ኦኒክስ ከሞላ ጎደል ሁሉ በሰው እጅ የጠቆረ ነው። በጀርመን አገር የሚገኙት የኢዳርና የኦበርሽታይን ባለ እጆች በ19ኛው ምዕት ዓመት ከብራዚል ይመጣላቸው የነበረውን ግራጫ አጌት ለብዙ ቀን በማር ወይም በስኳር ውኃ ይዘፈዝፉት፥ ቀጥሎም በሰልፈሪክ አሲድ ያሞቁት ነበር፤ አሲዱ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ከገባው ስኳር ውኃውን ሲነጥቀው ካርቦኑ ብቻ ይቀራል፥ ድንጋዩም ይጠቁራል። ይህ ጥቁረት በአልኮልም ቢሆን አይለቅም፤ የንግዱ ዓለምም ከጥንት ጀምሮ ስለ ተቀበለው ኦኒክስን ኦኒክስ ከመሆን አያግደውም። ነውሩ የሚመጣው ሻጩ ይህንኑ ድንጋይ ተፈጥሮ ያጠቆረው ብርቅ ነው ብሎ ዋጋ ሲጨምርበት ነው።

ከእነዚህ የሚከብዱት ክሪስታሎች ቱርማሊን፥ ስፒኔልና ሜላናይት የተባለው ጥቁር ጋርኔት ናቸው። ሳይሞረዱ በጥሬነታቸው ሲገኙ መለየታቸው ቀላል ነው፤ ሾርል የሚባለው ጥቁር ቱርማሊን ጎኖቹ ጎበጥ ባሉ ሦስት ማዕዘን ምሰሶዎች ይበቅላል፥ በቁመቱም ሙሉ የተሰመሩ መስመሮች አሉት፤ ስፒኔል ስምንት ገጽ ያለው ባለ ሁለት ሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል፤ ጋርኔትም ወደ ክብነት ያደላል። ሞረድ ቅርጻቸውን ካጠፋ በኋላ ግን ምስክርነቱ ወደ ሚዛንና ወደ ብርሃን መለኪያ ይተላለፋል፤ ቱርማሊን 3.2 ገደማ፥ ስፒኔል 3.6 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፥ ሜላናይትም 3.8 አካባቢ ይመዝናሉ። ቱርማሊን ብርሃንን ከሁለት ስለሚከፍል በሪፍራክቶሜትር ሁለት ንባብ ይሰጣል፥ ስፒኔል ግን አንድ ብቻ፥ እርሱም 1.72 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቱርማሊን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በጫፎቹ ኤሌክትሪክ የሚፈጠርበት መሆኑ በ18ኛው ምዕት ዓመት በኤውሮፓ ከታወቀ ወዲህ፥ የሆላንድ ሰዎች ከትንባሆ ፒፓቸው አመድ ለመሳብ ይገለገሉበት ነበር ይባላል። የብርሃን መለኪያው ብቻውን የሚያሳስትበትንም እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ የጄትና የጥቁር ቱርማሊን ንባብ ሁለቱም በ1.65 አካባቢ ስለሚወድቅ በሪፍራክቶሜትር ብቻ የሚፈርድ ሰው ከሰሉን ከክሪስታል ሊያምታታው ይችላል፥ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን አንዱ ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል።

ኮከብ ከሚያሳዩት ጥቁራን ዕንቁዎች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፥ የሚለዩትም በጨረራቸው ቁጥር ነው። በታይላንድና በአውስትራልያ የሚገኘው ጥቁር ኮከብ ሰንፔር በአንድ መብራት ሥር ስድስት ጨረር ያበራል፤ ከህንድ የሚመጣው ጥቁር ኮከብ ዳዮፕሳይድ ግን አራት ጨረር ብቻ ያሳያል፥ ጨረሮቹም በትክክለኛ መስቀል ሳይሆን ዘንበል ብለው ይተላለፋሉ። ዳዮፕሳይድ በውስጡ የማግኔታይት መርፌዎች ስላሉበት ማግኔት ይስበዋል፤ ሰንፔር አይሳብም፥ በሚዛንም 4.00 ሲሆን ዳዮፕሳይድ 3.3 ብቻ ነው። በማግኔት ረገድ ሄማታይትም የራሱ ታሪክ አለው። እውነተኛው ሄማታይት እንደ ብረት ያንጸባርቃል፥ በሸክላ ላይም ሲሰመር ጥቁርነቱን ትቶ እንደ ደም የቀላ መስመር ይተዋል፤ ማግኔት ግን እምብዛም አይስበውም። በየመንገዱ የሚሸጠውና አንዱ ዶቃ ከሌላው ጋር ተጣብቆ የሚንጠለጠለው የማግኔት አምባር በፋብሪካ የተሠራ ፌራይት ነው፤ ዶቃው ከዶቃ ጋር ከተሳሳበ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አልማዝ በጥቁር መልኩ ለብዙ ዘመን የተናቀ ነበር፤ ዛሬ ግን ፋሽን ሆኖ ስለ ተፈለገ በሰው እጅ የሚጠቁረው አልማዝ በዝቷል። ስንጥቅ የበዛበት ርካሽ አልማዝ አየር በሌለበት ምድጃ ሲጋል በስንጥቆቹ ዙሪያ ግራፋይት ይፈጠርና ይጠቁራል፤ በጨረር የጠቆረው ደግሞ በብርቱ መብራት ፊት በጠርዙ በኩል ሲታይ ጥቁር ሳይሆን ድፍን አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ካርቦናዶ የሚባለው ሌላው ዓይነት በብዙ ደቃቅ አልማዞች የተጋገረ ባለ ቀዳዳ አካል ሲሆን፥ በብዛት የሚታወቀው በብራዚልና በመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ብቻ ነው፤ ኤኒግማ የተባለው 555.55 ካራት የሚመዝን ካርቦናዶ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በለንደን ተጫርቶ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቷል። ጥቁር አልማዝን የሚመረምር ሰው ከጥራት ይልቅ ጉድለትን መፈለግ ይገባዋል፤ በውስጡ ባሉት ነጠብጣቦች ምክንያት የተወለወለው ፊቱ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጉድጓድና ፍንጣቂ አይጠፋውም፥ እንከን የሌለበት ለስላሳ ጥቁር ፊት አብዛኛውን ጊዜ የስፒኔል፥ የኦኒክስ ወይም የብርጭቆ ነው። የሙቀት መለኪያ መሣሪያ አልማዝን ከእነዚህ ይለየዋል፤ ነገር ግን ሞይሳናይት የተባለው በፋብሪካ የሚሠራው ሲሊኮን ካርባይድ መሣሪያውን ያታልለዋል። በዚህ ጊዜ ክብደት ይፈርዳል፤ አልማዝ 3.52 ሲሆን ሞይሳናይት 3.22 ነውና፥ 3.32 በሆነ ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ሲጣሉ አልማዙ ይሰጥማል፥ ሞይሳናይቱ ይንሳፈፋል። ሞይሳናይት ደግሞ በክብደት ከቱርማሊን ጋር አንድ ነው፤ ይሁንና ቱርማሊን የብርጭቆ ጸዳል ሲኖረው ሞይሳናይት እንደ አልማዝ ስለሚያበራ፥ ሚዛን ያመሳሰላቸውን ዓይን ይለያቸዋል።

ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው የጥቁር ኦፓል ጉዳይ ነው። በጥቁር መሬቱ ላይ የሚነድደው ልዩ ልዩ ሕብር ከሌሎቹ ጥቁራን ስለሚለየው፥ ጥያቄው ኦፓል ነው ወይስ አይደለም ሳይሆን፥ ጥቁረቱ የተፈጥሮ ነው ወይስ የሰው የሚል ነው። የጥቁር ኦፓል ዋና ስም ከ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በአውስትራልያ የላይትኒንግ ሪጅ ነው፤ በወሎ በደላንታ በወገል ጤና አካባቢ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የተገኘው ኦፓል ግን አብዛኛው ነጭ፥ ቢጫማ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ይህ የወሎ ኦፓል ቀዳዳ የበዛበትና ውኃ የሚጠጣ ነው፤ በምላስ ሲነካ ይጣበቃል፥ በውኃ ሲነከር ክብደቱ ይጨምራል፥ መልኩም ይለወጣል። ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ ለጭስም ክፍት ስለ ሆነ፥ ድንጋዩን በወረቀት ጠቅልለው በምድጃ ሲያሞቁት ከሚቃጠለው ወረቀት የሚወጣው ደቃቅ ጥላሸት ወደ ውስጡ ገብቶ ያጠቁረዋል፥ ሕብሩም በጥቁሩ መሬት ላይ እንደ አዲስ ይፈካል። በስኳርና በአሲድ የሚያጠቁሩትም አሉ።

በጭስ የጠቆረውን ለማወቅ ድንጋዩን አገላብጦ በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር መመልከት ይጠይቃል። ጥቁረቱ ከውጭ ወደ ውስጥ የገባ ነውና በገጹ ላይ ይበረታል፥ ወደ መካከል ሲሄድ ይሳሳል፤ በስንጥቅና በጉድጓድ ዙሪያም ይጠራቀማል፥ በመብራት ፊትም ወደ ቡናማ ያደላል። ከጠቆረ በኋላ የተሸረፈ እንደ ሆነ በሽርፉ ሥር የነበረው ነጭ አካል ይገለጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከወሎ የመጣ ጥቁር ኦፓል ሁሉ በጭስ የጠቆረ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጋሸና አቅራቢያ ስታይሽ ከሚባለው ስፍራ በተፈጥሮው የጠቆረ ኦፓል ተገኝቷልና። ስለዚህ የመጣበት አውራጃ ስም እንደ ቀለሙ ሁሉ ደካማ ምስክር ነው። ከጎኑ ሲታይ ቀጥ ያለ መገጣጠሚያ መስመር የሚታይበት ደግሞ በቀጭን ኦፓል ጀርባ ጥቁር ነገር የተለጠፈበት ድርብ ነው፤ በዙሪያው በወርቅ ተሸፍኖ የታሰረ ኦፓል የሚያጠራጥረውም ይህን መስመር ስለሚሰውር ነው።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ሥርዓት ሲጠቃለል፥ መርማሪ ከማይጎዳው ፈተና ጀምሮ ወደሚጎዳው በዝግታ መሄድ አለበት። አስቀድሞ ጠርዙን፥ ጀርባውንና ቀዳዳውን በአጉሊ መነጽርና በብርቱ መብራት ይይ፤ ቀጥሎ ቅዝቃዜውን በከንፈሩ ይዳስስ፥ ማግኔት ያቅርብለት፤ ከዚያ ይመዝነው፥ ቢችል በሪፍራክቶሜትር ያንብበው። ውኃ የሚጠጣውን ኦፓል ግን በውኃም ሆነ በመሣሪያው ፈሳሽ ውስጥ እንዲሁ አይንከር፥ ሊበከል ይችላልና። በሸክላ ማስመርና መጫር የሚፈቀደው ባልተሞረደ ጥሬ ድንጋይ ወይም በማይታይ ስፍራ ብቻ ነው፤ የጋለ መርፌም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነሣ። ሁለት ምስክሮች ካልተስማሙ ሦስተኛ መጥራት እንጂ ለደስ ያለው ማድላት አይገባም፤ በሰው እጅ የጠቆረውን አልማዝ ከተፈጥሮው መለየትን የመሰለ ጉዳይ ከእጅ መሣሪያ በላይ ሲሆን ወደ ቤተ ሙከራ ይላክ።

ነገር ግን መርማሪ ሁሉ በእጁ ሚዛን ይዞ ገበያ ስለማይወጣ፥ የመጨረሻው ኃላፊነት በሻጩ ላይ ይወድቃል። ሲብጆ የተባለው ዓለም አቀፍ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር በደንቡ ድንጋይ በሰው እጅ የተለወጠ እንደ ሆነ ለገዢው እንዲነገር ያዝዛል፤ ይህ ለሩቅ አገር ነጋዴ ብቻ የተነገረ አይደለም። የወሎ ኦፓል ቆፋሪና ነጋዴ በጭስ ያጠቆረውን በጭስ የጠቆረ ብሎ ቢሸጥ ጥቂት ዋጋ ይቀርበት ይሆናል፤ ሸሽጎ ቢሸጥ ግን አንዱ ድንጋይ በተገለጠ ቀን ከዚያው ምድር የሚወጣው እውነተኛ ጥቁር ኦፓል ሁሉ ይጠረጠራል፥ ጉዳቱም ባላደረጉት ላይ ጭምር ይደርሳል። ገዢም በበኩሉ ጥቁር ዕንቁ ሲቀርብለት ስንት ነው ከማለቱ አስቀድሞ ምንድን ነው፥ ማንስ አጠቆረው ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለት ያድርግ።